ስኖውደንን በደሞዙ መዘንኩት

የአሜሪካውን የስለላ ድርጅት የኤንኤስኤን ምስጢራዊ ሰነዶች ለጋዜጠኞች ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ሆንግ ኮንግ ላይ ራሱን ይፋ ሲያደርግ ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። የ29 ዓመት ኮንትራክተር፣ ሁለተኛ ደረጃን እንኳ በመደበኛው መንገድ ያልጨረሰ። ይሄ ልጅ ስለ ስለላ ምን ያውቃል ብዬ ልጽፍ ተነሳሁ።

ዜናዎቹን ሰበሰብኩ፣ በቀን ደረደርኩ፣ ቃለ መጠይቁን ሁለቴ አየሁ። እስከዚህ ምንም አልነበረም።

የተበላሸው «ይታመናል ወይ?» የሚለው ላይ ስደርስ ነው። ደሞዙ ወደ 200 ሺህ ዶላር እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ቀጣሪው ቡዝ አለን ሃሚልተን 122 ሺህ ነው አለ። ያዝኩት! ጮቤ ረገጥኩ። በቃ ውሸታም ነው ብዬ ግማሹን ጽሑፍ በዚህ ሞላሁት። በቀናት ውስጥ ግን 200 ሺው በሥራ ዘመኑ ያገኘው ከፍተኛው እንደሆነና ወደ ቡዝ የገባው ደሞዝ ቀንሶ እንደሆነ መልሷል። አላነበብኩትም። ማንበብም አልፈለግኩም፣ እውነቱን ለመናገር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ደሞዝ ስቆጥር እሱ ካወጣቸው ሰነዶች አንዱን፣ ለስልክ ኩባንያው ለቬራይዘን የተሰጠውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልከፈትኩትም። አጭር ወረቀት ናት። ኩባንያው የደንበኞቹን የስልክ ጥሪ መዝገብ፣ ማን ለማን መቼ ደወለ የሚለውን፣ በየቀኑ ለኤንኤስኤ እንዲያስረክብ ታዛለች። ይህን ለማመን የስኖውደን ሲቪ ምን ያደርግልኛል? እኔ ግን የአሜሪካው የስለላ ኃላፊ ጄምስ ክላፐር ኤንኤስኤ የሚሊዮኖች አሜሪካውያንን መረጃ ይሰበስባል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ በዚያው ዓመት ማርች ለሴኔት የሰጠውን «አይ፣ አንሰበስብም» ዓይነት መልስ እንደ ማስረጃ ጠቀስኩ። ያው መልስ ስህተት እንደነበር በኋላ ራሱ አመነ። በ2015 ደግሞ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ያንን ጅምላ ስብሰባ አይፈቅድም አለ።

«ኦፊሴላዊ ማረጋገጫ ጠብቁ» ይባላል። አትጠብቁ። ወረቀቱን አንብቡ።

ጥርጣሬዬ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ስኖውደን ያወጣው ሌላ ሰነድ፣ ከኢንተርኔት ኩባንያዎች መረጃ የሚሰበስበው የኤንኤስኤ ፕሮግራም የፕሪዝም ስላይድ፣ ከኩባንያዎቹ ሰርቨር «በቀጥታ» ይሰበሰባል ይላል፣ ኩባንያዎቹ ካዱ፣ ዜናውን ያወጣው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም አገላለጹን አለዘበ። ስላይዱ እውነተኛ ነው፣ ቃሏ ግን ምን ማለት እንደሆነች እንደ ስኖውደን ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው የግድ ያውቃል ማለት አይደለም። ኢሜይሉ ካለኝ ፕሬዚዳንቱን ሳይቀር ከወንበሬ ሳልነሳ መጥለፍ እችላለሁ ያለውንም እስካሁን አልተቀበልኩትም። መጻፍ የነበረብኝ ይሄን ነበር።

ጽሑፉን አላጠፋሁትም፣ ከላዩ እርማት ጨመርኩበት። ያነበበው ሰው ሲያገኘኝ ግን አሁንም የሚያነሳብኝ የደሞዙን ነገር ነው፣ ያውም «ጥሩ አድርገህ ያዝከው» እያለ።