ሽቅብ እየበረርን ከፍታው ወረደ

ዛሬ ከቦሌ ወደ ዱባይ ስንበር የእጅ ጂፒኤሴን መስኮቱ ጋ አስጠግቼ ከፍታ ስመዘግብ ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ የመሣሪያው ቁጥር ግን ወደ 1,800 ወረደ! ለካ መሣሪያው ከፍታን የሚያሰላበት ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚለካው የካቢኑን፣ ማለትም የተሳፋሪዎቹን ክፍል፣ የአየር ግፊት ነው፤ ድሪምላይነር (ቦይንግ 787 አውሮፕላን) ደግሞ ካቢኑን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ግፊት ልክ ስለሚይዘው፣ ሰማይ ላይ ሆነን ከአዲስ አበባው ወፈር ያለ አየር ነው የምንተነፍሰው። ደስ ሲል! ትክክለኛውን ከፍታ የፈለገ ከሳተላይት የሚሰላውን ያንብብ፤ እሱ ዛሬ 11,000 ሜትር አልፏል። አብራሪዎቹ ከሚጠሩት ቁጥር ጋር ግን አይገጥምም፣ የእነሱ በ1013 ሄክቶፓስካል መደበኛ ግፊት የተሰላ ነውና። እና ደግሞ ጂፒኤሱን ከማብራታችሁ በፊት አስተናጋጆቹን ጠይቁ፤ የማይፈቅዱ አየር መንገዶች አሉ።