ግብጦ ዘርቼ ቅጽ አስሞሉኝ

ለእረፍት ባሕር ዳር ስመጣ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አይቀየርም። «ቆይ አንቺ፣ የሰው አገር ልጅ አፈር እያስቦካሽ ነው ደመወዝ የምትበይው?» ጓደኞቼ ናቸው። ሽምብጥ ሰፈር፣ ቀጤማ ተጎዝጉዞ፣ ገና አቦል ሳይቀዳ።

አዎ፣ እሱን ነው የምበላው። የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚሰሙት ዓረብኛ፣ ፖላንድኛ፣ ሶማልኛ ወይም ትግርኛ ነው። እንግሊዝኛውን የሚለምዱት እኛ ጋ ነው። አንዱ መልመጃቸው ደግሞ ዘር መዝራትና አበባ መትከል ነው።

የሰዓት ክፍያዬን ሲሰሙ ወዲያው በብር ያባዙታል። የእንግሊዝ ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ የእኛ ሙያ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማባዛት ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። የቤት ኪራዩን፣ አውቶቡሱን፣ የማሞቂያውን ሂሳብ የሚቀንስልኝ ግን የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። «ሪፒት አፍተር ሚ» የሚባል ነገር የለም። ልጁ እጁን አፈር ውስጥ ይከታል፤ እኔ የሚያደርገውን እያየሁ አወራለታለሁ። «ዲግ፣ ዲግ፣ ዲግ። ፑት ኢት ኢን። ከቨር ኢት። ናው ዋተር!» ያንኑ ጥቂት ቃል በየቀኑ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ መፍራቱን ይተዋል። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሕፃን ለወራት ዝም ሊል ይችላል። እየሰማ ነውና አይገፋም።

ለትንንሾቹ የሚመረጠው ዘር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፌጦ! የኛው ፌጦ። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ዓይንና አፍ ይሥላሉ፤ ውስጡ እርጥብ ጥጥ ያደርጉና ፌጦ ይበትኑበታል። በሁለት በሦስት ቀን ይበቅላል፤ በሳምንት ገደማ እንቁላሉ ጸጉራም ይሆናል። ከዚያ ጸጉሩን በመቀስ ቆርጠው፣ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ዳቦ ውስጥ ከተው ይበሉታል። እናቴ ይህን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ዘሩን ትተው ቅጠሉን?» አለች። ለእሷ ፌጦ ሆድ ሲታመም በሎሚ የሚጠጣ መድኃኒት እንጂ መጫወቻ አይደለም።

አንድ ሱዳናዊ ልጅ ነበረን። ከመጣ ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ሌላ ልጅ የእንቁላሉን ጸጉር ሊነጭበት እጁን ሲዘረጋ «ኖ! ማይን! ማይ ሄር!» ብሎ ቤቱን አናጋው። መጀመሪያ የተናገረው እንግሊዝኛ ጠብ ነው። እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ ዓረብ ሱቅ ገብቼ ግብጦ አየሁ። ጥሬ፣ በላስቲክ የታሸገ። ጎጃም ያደገ ሰው ምን እንደተሰማኝ ያውቃል። የደከመ መሬት ላይ የሚዘራው፣ ተቆልቶ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የሚለቀው፣ ከአረቄ ጋር የሚቆረጠመው ግብጦ! ገዛሁት። ሰኞ ይዤው ሥራ ገባሁ። ለመብል አይደለም፣ ለዘር ነው። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ለሕፃን ጣት ይመቻል። በሚያሳይ ኩባያ ዳር ከተቀመጠ ሥሩ ሲወርድ ይታያል።

ልጆቹ «ቢግ ሲድ! ቢግ ሲድ!» እያሉ ሲሻሙ ኃላፊዋ መጣች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ጓንት አጠለቀች። ፍሬውን አንድ በአንድ ከአፈሩ ለቅማ ፌስታል ውስጥ ከተተችና አሰረችው። የልጆቹ እጅ እንደገና ታጠበ። ቀጥሎ ቅጽ መጣ። የተፈጠረው ችግር ምንድን ነው፣ ማን ፈጠረው፣ ምን እርምጃ ተወሰደ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ቆመው እያዩኝ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለኝ እኮ!

ለካ እንግሊዝ አገር ምግብ ውስጥ ካሉ የግድ መገለጽ ያለባቸው 14 አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች አሉ። ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ እያለ ይሄድና ግብጦም ውስጡ አለ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል። ይሁን፣ በሕፃን ቀልድ የለም። ጥሬው መርዝ እንዳለውማ የኛ እናቶች መች አጡት? ያን ሁሉ ቀን ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት ለምን ሆነና!

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የፈረምኩበት ጠረጴዛ በመስኮቱ አጥሩን ያሳያል። ወሩ ሰኔ ነው። አጥሩ ሥር በሐምራዊና በሮዝ አበባ ተሽሞንሙኖ የቆመው ማን ነው? የግብጦ የቅርብ ዘመድ! እንግሊዞች ለውበቱ ሲሉ ግቢያቸው ውስጥ ይተክሉታል። የእሱም ዘር መርዛም ነው። «ያውስ?» ብዬ ጠቆምኳት። እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ኦ፣ እሱማ አበባ ነው» አለችኝ። ግብጦ አያብብም ያላት ማን ነው? እስካሁን አልወጣልኝም።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ የፌጦውን ነገር እዚሁ ሞከርኩት። የጓደኛዬ ልጅ ኬጂ ትማራለች። በየወሩ ብዙ ብር እየተከፈለባት «ኤ ፎር አፕል» እያለች ትጮኻለች። አፕል እሷ ቤት ብርቅ ነው፤ የግቢያቸው ማንጎ ግን እየወደቀ ይበሰብሳል። የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብኩ። ፍልሰታ ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት ከየት ይመጣል? የሃይላንድ ጠርሙስ ቆረጥን፣ ጥጥ አራስን፣ ፌጦ በተንን። «ዋተር! ሞር ዋተር!» ሲሉ እናቶቻቸው ከበር ላይ ያያሉ። ያን ዕለት «ኤ ፎር አፕል» ያለ አልነበረም።

በማግስቱ የጓደኛዬ ልጅ ከጣና ዳር አንድ የሚያምር ሐምራዊ አበባ ይዛ መጣች። «ይሄንም እንትከለው!» እንቦጭ! እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው፣ ስንት ገበሬና ተማሪ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የነቀለው። እናትየው ጮኸች። ነጥቃ ፌስታል ውስጥ ከተተችው፣ አሰረችው፣ የልጅቷን እጅ አጠበች። ጓንትና ቅጽ ብቻ ነው የቀራት። ልጅቷ «አበባ ነው እኮ!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ በሳቅ ሞትኩ።

እንግሊዝ አገር ለመምጣት የምታስቡ ግን ስሙኝ። አረጋውያን ለመንከባከብ በሚል ደላላ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡ። እንግሊዝ ለዚህ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው መቀበሏን እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2025 አቁማለች። በሌላ መንገድ ገብታችሁ ከልጆች ጋር መሥራት ከፈለጋችሁ ከወንጀል ነፃ ስለመሆናችሁ ማስረጃ ይጠየቃል። የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ አለ፤ ዲግሪያችሁ ከእሱ አያስጥላችሁም። እንግሊዝኛችሁን የአራት ዓመት ልጅ ያርመዋል፣ አትቀየሙት። ዘር ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ዘር በሻንጣ ይዞ አገር መግባትም የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ዘርዝሬ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ ምን አለችኝ? «በቃ እኔን አስገቢኝ። እኔ እንደሆንኩ ግብጦ አልወድም።»