በመሳቢያዬ የቀሩት ሦስት ካርዶች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ ምስክሮች ከችሎት ውጭ ቃላቸውን በሚሰጡበት ቀን ቃል መዝጋቢ የምቀጥረው እኔ ነበርሁ። መዝጋቢዎቹ በትንሽ መሣሪያ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይጽፋሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈቃድ ለማግኘት በደቂቃ 200 ቃላት መጻፍ መቻል አለባቸው። ሥራቸውን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

እነርሱን ከሚልኩት ድርጅቶች አንዱ፣ ቀጠሮ በያዝሁለት ቁጥር የ25 ዶላር የስጦታ ካርድ በስሜ ይልክልኝ ነበር። ለቢሮው ሳይሆን ለእኔ። በዘጠኝ ወር 11 ካርድ ደረሰኝ። በስምንቱ ለልጄ ጫማና ቦርሳ ገዛሁ፤ ሦስቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር በሆነበት ቤት ስላደግሁ ነገሩ አልጎረበጠኝም።

አንድ ቀን ከሌላ ድርጅት የመጣች መዝጋቢ በዕረፍት ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ስትል አዲሱን ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«በካሊፎርኒያ ደንብ ለአንድ የጠበቃ ቢሮ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ ነገር መስጠት አንችልም» አለችኝ። «የአገር አቀፉ ማኅበራችን ጣሪያ 150 ዶላር ነው። ወደፊት ሥራ እንዲሰጠን ብለን ከሆነ ግን አንድ ዶላርም ክልክል ነው። እኔ የምቀመጠው በሁለት ተከራካሪዎች መካከል ነው። ለአንደኛው ወገን ስጦታ የምልክ ከሆነ፣ ሌላው የጻፍሁትን በምን ልቡ ያምናል?»

ደንቡ የሚይዘው ሰጪውን እንጂ እኔን አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያ መጽናኛ የቆየው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

በመኪና አደጋ ወገባቸው የተጎዳ አንድ የአገሬ ሰው፣ የታክሲ ሹፌር፣ ጉዳያቸው በስምምነት አልቆ ሒሳባቸውን ሊያዩ መጡ። ወጪው የሚቀነሰው ከካሣቸው ነው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱና መዝጋቢዎቹ ለጻፉት ቃል የሚከፈለው፣ የቃል ግልባጭ የሚለው ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ሌላም ቦታ ዋጋው ይኸው ነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ» አልሁ። በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለሌሎች ድርጅቶች ደወልሁ። የእኔው ድርጅት በገጽ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያስበልጣል። የእርሳቸው ግልባጭ 190 ገጽ ነበር፤ ልዩነቱ 228 ዶላር። የልጄ ጫማ የተገዛው ወገቡን ይዞ ከወንበር በሚነሳ ሰው ገንዘብ ነበር። ተከሳሹም ወገን ቅጂውን የገዛው ከዚያው ድርጅት ነው፤ እርሱማ የመምረጥ ዕድል እንኳ አልነበረውም።

በማግሥቱ ሁሉንም ለጠበቃዋ ነገርኋት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። አልጮኸችብኝም። ልዩነቱን ከራሷ ክፍያ ቀንሳ ለጋሼ መለሰችላቸው፤ እኔም የስምንቱን ካርዶች ዋጋ በአራት ደመወዝ ከፍዬ ጨረስሁ። የቀሩትን ሦስት ካርዶች በመጡበት ፖስታ አሽገን ላክን።

ከሳምንት በኋላ የድርጅቱ ሰው ደወለ። ምን አስቀየምናችሁ አለኝ፤ ለመጪው በዓልም ሌላ ነገር እንዳዘጋጀልኝ ጨመረ።

«የገጹን ዋጋ ብቻ ንገረኝ» አልሁትና ብዕሬን አነሳሁ።