ቀስት የያዘው አበበ ቢቂላ

አበበ ቢቂላ ሲባል ለሁሉም ሰው የሚታየው ሮም ነው። ባዶ እግር፣ ምሽት፣ ችቦ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ቶሎ የሚመጣብኝ ሌላው አበበ ነው፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠው። የሞተው በ41 ዓመቱ ነው። እኔ ያንን ዕድሜ አልፌያለሁ፣ ደረጃ ስወጣም አቃስታለሁ።

1961 ዓ.ም ክፉ ዓመት ሆነበት። ጥቅምት ላይ ሜክሲኮ ሲቲ እግሩን እያመመው ሮጠና አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ቮልስዋገኑ ተገለበጠችበት። ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም።

ለሕክምና የተላከው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። ለእኛ ሙያ ይህ ቦታ እንደ ገዳም ነው። እዚያ የኅብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ማዕከሉን ያቋቋሙት ከናዚ ጀርመን የሸሹት አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ አይቆይም ነበር። የመኝታ ቁስል ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ይገድለዋል። ጉትማን በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ አሉ። (እኔም ዛሬ አስታማሚዎችን የምጨቀጭቀው በዚሁ ነው።) ከዚያ ስፖርት ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ልክ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 ታካሚዎችን በቀስት አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻው ያ ነው።

ለምን ቀስት? እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው ትከሻና ክንድ ሁሉም ነገር ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚሻገረው በእነሱ ነው። ቀስት ሲስብ እነሱ ይጠነክራሉ፤ ሳይደገፍ መቀመጥንም ይለማመዳል።

አበበም ቀስት ያዘ። ፒንግፖንግም ተጫወተ። በ1962 ዓ.ም እዚያው ስቶክ ማንደቪል ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄደና ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ላይ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ መንደር ልጅ፣ በበረዶ ላይ፣ በውሻ! ይህን የሚያውቅ ሰው ግን እምብዛም አያጋጥመኝም። ትምህርት ቤት የነገሩን ቶኪዮ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ «ተጎድቶ ሞተ» ብቻ ነው። በመካከሉ አራት ዓመት ተኩል አለ እኮ!

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ አረፈ። ቀብሩ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ተገኝተዋል። የተቀበረው አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ዮሴፍ ነው።

ይህን ሁሉ አንዴ ለአንድ ታካሚዬ አወራሁለት። ሹፌር ነበር፣ እሱም መኪና ተገልብጦበት ነው። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና፣

«ሲስተር፣ እሱ እኮ ሻምበል አበበ ነው። መንግሥት ነው ያሳከመው። እኔን ማን እንግሊዝ ይልከኛል?» አለኝ።

ልክ ነው። ምን እለዋለሁ? የበሽተኛ ማገላበጥ ፓስፖርት አይጠይቅም አልኩት። ቀስትም የለንም። ፒንግፖንግ ጠረጴዛ ግን አለችን፣ አንድ እግሯ በጡብ የተደገፈ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ይጫወትባታል። ሲሸነፍ ይናደዳል፤ ጡቡ ነው ያሸነፈኝ ይላል።