ዓሣ የሌለበት ባሕር

ዛሬ 34ኛ ቀኑ ነው። ጅማ፣ ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ 120 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ነጭ አሸዋና ጥቂት ድንጋይ አለ። ዓሣ የለም። እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር እንግዶቹ "ዓሣዎቹስ?" ይላሉ። "እየመጡ ነው" ትላቸዋለች፣ እኔን በጎን እያየች።

ጉፒና ጎልድፊሽ የሚባሉትን የጣፋጭ ውሃ ዓሦች ለስድስት ዓመት አሳድጌያለሁ። የቧንቧ ውሃ መቅዳት፣ ክሎሩ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፣ በቃ። ጉፒ ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። ብታጠፋም ዝም ብሎ ይዋለዳል። ስለዚህ ራሴን ዓሣ አዋቂ አድርጌ ነበር።

አሁን ያማረኝ ግን የባሕር ዓሣ ነው። የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም። ባሕር ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። የተዘጋጀውን የባሕር ጨው ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ይዛልኝ መጣች። ፈታሹ ነጩን ዱቄት አይቶ ምን እንደሆነ ቢጠይቃት "ባሕር ነው" አለችው አሉ። እንዴት እንዳለፈች እስካሁን አልገባኝም።

ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ገደማ ይገባል። አሸዋውና ድንጋዩ የያዙት ቦታ ሲቀነስ ውሃው 100 ሊትር ያህል ነው። ሦስት ኪሎ ተኩሉን በጣሳ እየሰፈርኩ ሳሟሟ ጎረቤታችን አባባ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። "በአባ ጅፋር ጊዜ ሂርማታ ገበያ በአሞሌ ስንቱ ይሸመት ነበር! አንተ ውሃ ውስጥ ታቀልጠዋለህ" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እኔን የገረመኝ ግን የባሕር ዓሣ ጥማት ነው። የጉፒ ሰውነት ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውሃው ራሱ ይገባበታል። የሱ ሥራ መሽናት ነው። የባሕሩ ዓሣ ግን ዙሪያውን ያለው ጨው ውሃውን ከገላው ይስብበታል። ስለዚህ ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ውሃ ውስጥ እየኖረ የሚጠማው!

ይህን አንብቤም ተሳሳትኩ። ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። እኔ ደግሞ የጎደለውን በጨው ውሃ ስሞላ ሰነበትኩ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ሊትር። የውሃውን ጨዋማነት የምለካበትን ሃይድሮሜትር ብነክረው 1.029! መሆን የነበረበት 1.025 ነው። ዓሣ ቢኖርበትስ ብዬ ሳስብ ክው አልኩ። ከላዩ ቀንሼ በተጣራ ውሃ ተካሁት። አሁን መስታወቱ ላይ በማርከር አስምሬያለሁ። ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ የምጨምረው ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ነው።

ዓሣውን ያዘገየብኝ ባክቴሪያ ነው። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ላይ እበትናለሁ። እማዬ "ማንን ነው የምታበላው?" ስትለኝ "የማይታዩትን" አልኳት። አማተበች። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ለዓሣ መርዝ ስለሆኑ ባክቴሪያዎቹ እስኪበረክቱ መጠበቅ አለብኝ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት ውሃ በብልቃጥ ቀድቼ የመመርመሪያውን ጠብታ እጨምራለሁ። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ቢጫ ነው። ናይትራይቱ ግን ገና አልጠፋም።

የመብራቱ ነገር ያሳስበኛል። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ቆሞ ውሃው አየር ያጣል። የጨው ውሃ ከወንዝ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ባሕር ያልተፈጠረበት ቦታ ላይ ባሕር መሥራት ማለት ይኸው ነው። ለዚህ ብዬ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዛሁ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ መውረድ ጀመረ። በጨለማው የትንሿን ፓምፕ ድምፅ እያዳመጥኩ ተኝቻለሁ፤ የእማዬ ኮቴ ተሰማኝ። በስልኬ ባበራ ጋቢዋን ገንዳው ላይ ታለብሳለች።

"እማዬ፣ ምንም የለበትም እኮ።"

"እነዚያ የምታበላቸውስ? አይበርዳቸውም?"