ሚዛኑ ያላየው ቦርጭ

በአንድ መሥሪያ ቤት ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ሠራተኛው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ቢኤምአዩ (ኪሎው ለቁመቱ ተመጣጣኝ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር) ይሰላል፤ ከ25 በታች ከሆነ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ሾፌሮቹ ላይ ግን ይህ ስሌት አያዋጣም። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው ስለሚውሉ እጅና እግራቸው ቀጭን ነው፤ ያለው ሁሉ መሃል ላይ ነው።

ሃምሳ የሚጠጋው አንዱ 68 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሆነ። ቢኤምአይ 24።

«በይ ፈርሚልኝ ሲስተር፣ መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ጋሼ፣ ወገብዎንም ልለካዎት።»

«34 ቁጥር ሱሪ ነው የምለብሰው፣ ምኑ ይለካል?»

የወንድ ሱሪ ቁጥር አይታመንም፤ ቀበቶው የሚታሰረው ከቦርጩ ሥር ነው። ሸሚዙን ከፍ አድርጎልኝ የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌውን አጥንት አናት በጣቴ ዳስሼ፣ በሁለቱ መካከል ሜትሩን አዞርኩ። ሜትር ሲነካው ሆዱን የማይስብ ወንድ እስካሁን አላየሁም። እሱም ሳበ፤ 91። «ትንሿ ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ብዬ ጠየቅኩት። ስለ ልጁ ማውራት ሲጀምር ትንፋሹ ወጣ፣ ሜትሩም በጣቶቼ መካከል ተንሸራቶ 97 ላይ ቆመ።

የዓለም ጤና ድርጅት ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ ስጋቱ ይጨምራል ይላል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። እኔ ግን ለሰው ማስረዳት የሚቀናኝ የቁመት ግማሽ ነው፤ ወገብ ከዚያ ባይበልጥ ይመረጣል። የእሱ ግማሽ 84 ነው።

«ታዲያ ኪሎዬ ልክ ነው አላልሽም?» አለኝ ቅር ብሎት። ሚዛን ስቡ የት እንደተቀመጠ አያውቅም። አስጊው ደግሞ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ሜትርም ቢሆን ይህንን ከቆዳ ሥር ካለው ስብ አይለይም፤ ለዚያ ሲቲ ስካን አለ፣ ግን ለቦርጭ ብሎ ማን ያዝዛል?

በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ መጣ። ስኳሩ 118። የስኳር በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው፤ ይሄኛው ግን ጤነኛ ቁጥርም አይደለም። ሐኪሙ ጋ ላክሁት፣ ፎርሙ ላይም «ወገብ» የሚል ዓምድ በእስክሪብቶ ጨመርኩ።

አሁን ሾፌሮቹ ራሳቸው «ለኪን» እያሉ ይመጣሉ። ፎቅ ላይ ያሉት ኃላፊዎች ግን እስካሁን ሚዛኑ ይበቃናል ባዮች ናቸው።