የኦቨርታይም ነገር

ሜክሲኮ አካባቢ ካፌና ሆቴል የሚሰሩ ልጆች ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ታክሲ ሲጠብቁ ሳይ በጣም ያናድደኛል፣ ብዙዎቹ ላመሹበት ሰዓት ምንም አይታሰብላቸውም። ህጉ እኮ ግልጽ ነው! ፓርላማው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ሲያጸድቅ የቀኑ ኦቨርታይም ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.25 እጥፍ ወደ 1.5 እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ያለው ደግሞ ከ1.5 ወደ 1.75 አድጓል፣ የእረፍት ቀን 2፣ በዓል 2.5።

ግን እዛው ላይ የሰዓት ገደቡም ላላ፣ ድሮ በቀን 2 በዓመት ደግሞ 100 ሰዓት የነበረው አሁን በቀን እስከ 4 በሳምንት እስከ 12 ሆነ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ብር ተጨመረ ተብሎ ሰው ልጆቹን ሳይተኙ የሚያገኝበት ማታ መወሰድ የለበትም። ህጉ እንደገና ለውይይት ከቀረበ የዓመቱ ጣሪያ ይመለስ ባይ ነኝ። እስከዛው የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ራሳችሁ መዝግቡ፣ ክርክር ሲመጣ ይጠቅማችኋል።